«ደህና ነኝ»ን የማይቀበሉት እትዬ ሙጪት

እትዬ ሙጪት መሞታቸውን የሰማሁት አርብ ቀን፣ ገበያ ውስጥ፣ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ሻጯ እጇ ሚዛኑ ላይ እንዳለ፣ «ያች የናንተ ግቢዋ ሴትዮ አረፉ አሉ፤ እዚያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል» አለችኝ። የመረጥኩትን መልሼ ክምሩ ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ። ወዲያው አላለቀስኩም። ከለቅሶው በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነው። እናኑን አሰብኩ።

እናኑ ታናሽ እህቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና አራተኛ ወሯ ነበር። የተመደበችው ሩቅ፣ ቆላ አገር ነው። እዚያ ሄዳ በሁለት እግሯ እንድትቆም ያደረጓት እትዬ ሙጪት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ሰምታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ለእናኑ ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ። «ፈተና ላይ ናት።»

«እሺ።»

«ስትደውል ደህና ናቸው በያት።»

«እሺ።»

እኔ እሺ ማለት የሚቀለኝ ሰው ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የቀረሁትም እሺ ብዬ ነው። ደግሞም እናቴ አዲስ ነገር አላለችም። በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ተማሪ ለሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ክረምት ይጠበቃል። ቤቱ ሲገባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነው።

እትዬ ሙጪት የተወለዱት እዚሁ አገራችን፣ ቤተ ልሔም የተባለችው ደብር አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ከቀያቸው ወጥተው፣ አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ተማሪዎቹ «ፕሮክተር» ይሏቸው ነበር። መጀመሪያ የተቀጠሩት በጽዳት ነው፤ ይህን አይደብቁም። ጡረታ ሲወጡ ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ አርብ ገበያ ተመልሰው፣ እኛ በምንኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ።

ረጅምና ከሲታ ነበሩ። ሲራመዱ ተረከዛቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። የተኙ ልጆችን ላለመቀስቀስ ሲሉ የለመዱት አካሄድ ነው። ስንት ጊዜ ከኋላዬ መጥተው ጀሪካኔን እንዳስጣሉኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ፀሐይ ስትጠልቅ የግቢውን አምስት በሮች በየተራ ያንኳኳሉ። «አላችሁ?» ይላሉ። «አለን» ሲባሉ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ። ሌላ ወሬ የላቸውም።

ሰው ይስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ቦኖው ላይ ውሃ ስንጠብቅ አንዲት ጎረቤታችን፣ «እትዬ ሙጪት ዩኒቨርሲቲ ጠርገው ጠርገው ዶክተር ሆኑ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ጀሪካናቸውን እየከደኑ፣ «ዶክተሮቹን ለፈተና የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ። ባልቀሰቅሳቸው ኖሮ ይኼኔ ካንቺ ጋር ወረፋ ይጠብቁ ነበር» አሏት። ሴቶቹ አሁንም ሳቁ፤ የመጀመሪያዋ ግን አልሳቀችም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሰላምታቸው ነበር። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጉልበቴን ግን ሲወጋኝ አደረ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ላይ ሕመም አይነሳም። ሰውዬው ሞት አፋፍ ላይ ቢሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያበቃል፤ ጠያቂውም ያውቃል፣ ያልፋል። እትዬ ሙጪት ግን አያልፉም። «ደህና ነኝ» ስላቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይቆማሉ።

«እሺ፣ ቀጥሎስ?»

«ምኑ?»

«እግዚአብሔርን አመሰገንሽ፤ ጥሩ። እዚያ ላይ አትቁሚ፤ ቀጥዪ።»

እኔ ጀሪካኔን አንስቼ መንገዴን እቀጥላለሁ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን ላለማግኘት በቤቱ ጀርባ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

እናኑ የመግቢያ ፈተናውን ያለፈች ዓመት ነው እናቴ ወደ እሳቸው የላከችን። «ልጅቱ ምን ይዛ እንደምትሄድ ጠይቁልኝ» አለች። ብርድ ልብስ ይሁን፣ በሶ ይሁን፣ ማወቅ የፈለገችው ይህን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም ነበር።

እትዬ ሙጪት እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። «ብሉ» አሉ።

ሁለታችንም እኩል፣ «በልተናል» አልን።

ሰው ቤት ሲቀርብልሽ ወዲያው እጅ አይዘረጋም። መጀመሪያ በልቻለሁ ትያለሽ። የቤቱ እመቤት «አፈር ስሆን» ትላለች፤ «በሞቴ» ትላለች፤ ያኔ ትቀርቢያለሽ። እኛም ቀጣዩን ጠበቅን። እትዬ ሙጪት ግን ትሪውን አንስተው መደርደሪያው ላይ መለሱትና ስለ አንሶላ ማውራት ቀጠሉ። የእናኑ ሆድ ጮኸ፤ ሦስታችንም ሰማነው። እሳቸው ስለ አንሶላው ጨርሰው ስለ ቁልፍ ጀመሩ።

ቤት ስንገባ እናቴ፣ «ምን አበሏችሁ?» አለች።

«ምንም» አለች እናኑ።

«ከተማ አበላሽቷቸዋል» አለች እናቴ።

በማግስቱ ሄድን፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን «ብሉ» የሚለው ከአፋቸው ሳይወጣ እናኑ እጇን ዘረጋች። እትዬ ሙጪት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ዘቢደር?»

«እኔ በልቻለሁ።»

«እሺ» አሉ። እናኑ ስትበላ ተቀምጬ አየሁ።

«እዚያ ካፌው በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል» አሏት እናኑን። «ወንድ ሴቱ ይሰለፋል። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ምሳ እንሂድ ትልሻለች፤ አንዴ ነው የምትልሽ። በልቻለሁ ካልሻት ትሄዳለች። ክፋት እንዳይመስልሽ፤ አምናሽ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናኑ ውላ የምትገባው እሳቸው ጋ ሆነ። ትምህርታቸው መልክ አልነበረውም። አንድ ቀን አንሶላ ያሳጥቧታል። አንድ ቀን የክፍላቸውን ቁልፍ ይሰጧትና ሳትጥል ሳትረሳ እንድትውል ያደርጋሉ። ለሁለት ሳምንት ደግሞ እናኑን እንዳልቀሰቅሳት አስማሉኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ቀን ረፋድ ድረስ ተኛች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። «እዚያ አንቺን ይዛሽ አትሄድም» አሉኝ እትዬ ሙጪት።

አርብ አርብ ገበያ ይወስዷታል። እኔም እቃ ለመያዝ ብዬ ከኋላ እከተላለሁ። ሁሴን የሚባል ጨርቅ ሻጭ ጋ ያቆሟትና ዋጋ ጠይቃ እንድትተው ያዝዟታል። እናኑ ጠየቀች፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ተመልሼ እመጣለሁ» አለች።

«ትመለሻለሽ?» አሏት እትዬ ሙጪት።

«አይ።»

«ታዲያ ሰውዬውን ለምን ታስጠብቂዋለሽ? አልፈልግም በይው።»

«ይከፋዋላ።»

«ጠይቂው።»

እናኑ ወደ ሁሴን ዞረች። «አልፈልግም ብልህ ይከፋሃል?»

ሁሴን ጨርቁን እያጠፈ፣ «የሚከፋኝስ እትዬ ሙጪት ናቸው» አለ። «በየአርቡ አልፈልግም የሚል ልጅ እያመጡ ሱቄን የልምምድ ሜዳ አደረጉት።»

«ታገሠን። ሲመረቁ ካንተ ነው የሚገዙት» አሉት።

«እስኪመረቁ እኔ እጃጃለሁ።»

ከዚያ እኔን ጎተቱኝና ከፊቱ አቆሙኝ። «አንቺም በይው።» እኔ የጨርቁን ጫፍ ማፍተልተል ያዝኩ። ሁሴን ራሱ አዘነልኝና፣ «ይቺን ይተዋት፤ እሷ የትም አትሄድ» አለ።

«የትም ባትሄድ አፍ ያስፈልጋታል» አሉ። ቢሆንም ለቀቁኝ።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የነገሩን እናኑ አንሶላ ስታጥብ ነው። ጠዋት ነበር፤ እኔ ውሃ እቀዳላታለሁ። እትዬ ሙጪት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አረፋውን ሲያዩ ቆዩና ሳንጠይቃቸው ጀመሩ።

«አንዲት የስማዳ ልጅ ነበረች። ከወገዳ ነው የመጣችው፤ ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ። እንደ እናኑ ነበረች፤ ድምጿ አይሰማም። አንድ ሰሞን ክፍል መሄድ ተወች። አልጋዋን በነጠላ ጋርዳ ተኛች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ምን ሆንሽ ይሏታል፤ ምንም አልሆንኩ፣ ደክሞኝ ነው ትላለች። እነሱ የሌላ አገር ልጆች ናቸው፤ ምንም አልሆንኩ ስትል ምንም አልሆነችም ብለው አመኑ።»

እናኑ ማሸቷን አቆመች።

«በሦስተኛው ቀን እኔ ሄድኩ። ከበሩ ሆኜ፣ አንቺ ልጅ ደህና ነሽ? አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን አለችኝ። እኔም ሌላ የማየው ክፍል ነበረኝና አለፍኩ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «በዚያ ሕንጻ ውስጥ የኛ አገር እግዚአብሔር ይመስገን ምን ሊደብቅ እንደሚችል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እነዚያ ልጆች አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እናቴ ልትሞት ስትል እንዲያ ነበር የምትለው። እያወቅኩ አለፍኩ።»

«ከዚያስ?» አለች እናኑ።

«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል አደረስናት፤ አልተረፈችም። አባቷ ሬሳዋን ሊወስዱ መጡ። ለኔ ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹ልጄ ጨዋ ነበረች፤ ሰው አታስቸግርም ነበር› አሉኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እናኑ የነበረኝ ፍርሃት መልክ ያዘ። ድሮ ጅብ እንደምፈራ ነበር የምፈራው፣ በጭፍኑ። አሁን ምን እንደምፈራ አወቅኩ። ድምጿን ነበር የምፈራው፤ ያንን የምወደውን ዝቅ ያለ ድምጿን።

የሄደችው በኅዳር ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። እናቴ ለሁሉም ታቦት ተሳለች። መናኸሪያው ውስጥ እትዬ ሙጪት ምንም ምክር አልሰጧትም። ሻንጣዋ ላይ ያለውን ገመድ ሁለቴ ጎተት አድርገው አዩና፣ «ሂጂ» አሏት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እናኑ መስኮቱን ከፍታ፣ «ፈርቻለሁ» አለች፤ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እናቴ አፍራ አንገቷን ደፋች። እትዬ ሙጪት ግን ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። «በቃ፣ አትሞትም» አሉኝ።

እናኑ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትልና ትቀጥላለች፤ ሙቀቱ እንደሚያንገላታት፣ አንዲት ከንፋስ መውጫ የመጣች ልጅ የአልጋ ጎረቤቷ እንደሆነች፣ ሒሳቡ እንዳልገባትና መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄዳ እንደጠየቀችው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ይቺ ልጅ ለፈለፈች» ትላለች። እኔ ልፍለፋዋን እየሰማሁ ሳምንቱን በሰላም እተኛለሁ።

በጥር እትዬ ሙጪት ከሱ። መቼም ከሲታ ናቸው፤ እኔ ግን በየማታው በሩን ሲያንኳኩ የእጃቸውን ድምፅ አውቃለሁ፤ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ለሕክምና ደብረ ታቦር ሊሄዱ ሲሉ ቦርሳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው።

«እዚህ ጤና ጣቢያ ሆዴ ውስጥ እብጠት አለ ብለውኛል» አሉኝ መንገድ ላይ። «ክፉው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። አልድንም ይሆናል።»

«ኧረ ይድናሉ።»

«እንዲያ አትበዪኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የሚሰማሽን።»

ብዙ ሄድን። መናኸሪያው ሲታይ፣ «ፈርቻለሁ» አልኳቸው። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«እኔም» አሉ። ክንዴን ያዙና ቀሪውን መንገድ እንደዚያ ሄድን። እሳቸውን ላለማግኘት በቤቱ ጀርባ ስዞር የባከነው ጊዜ ሁሉ ያን ሰዓት ቆጨኝ።

ከዚያ አንድ ወር አልሞላም፤ አርብ ቀን ገበያ ውስጥ ሰማሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ እናኑ ደወለች። ስልኩን አነሳሁ። እናቴ አጠገቤ ቆማለች።

«እትዬ ሙጪትስ? ተሻላቸው?» አለች እናኑ።

«ደህና ናቸው።»

«ሰላም በያቸው።»

«እሺ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጠበቅኩ። አልቀጠለችም። «በቃ ቻው፣ ላጥና» ብላ ዘጋች።

እናቴ ደስ አላት። «ጎበዝ፤ ጠርጠር አላደረገችም» አለችኝ። እኔ ግን ቁጭ አልኩ። ያለፈውን እሑድም ለማስታወስ ሞከርኩ። ያለፈው እሑድም አጭር ነበር። ያኔ ጥናት በዝቶባት ነው ብዬ ነበር። እኛ አንድ ነገር ደብቀን ደህና ናቸው ካልናት፣ እሷስ ደህና ነኝ ስትለን ምን ደብቃ ነው? እዚያ አልጋዋን በነጠላ ጋርዳ ስትተኛ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሊታየኝ አልቻለም።

ሰኞ እናቴ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ጠብቄ፣ ማድ ቤት ገብቼ ደወልኩ። እናቴ አታድርጊ ያለችኝን አድርጌ አላውቅም። ስልኩ ሲጠራ ባታነሳው ብዬ ተመኘሁ።

አነሳች። «ምነው? እናቴ ምን ሆነች?»

«እናቴ ደህና ናት። ደህና ናት፤ ግን...» በሩን ዞሬ አየሁ። «እናኑ፣ እትዬ ሙጪት ሞተዋል። አርብ ነው የሰማነው። ትናንት ዋሽቼሽ ነው።»

ከዚያ ለቅሶዋ መጣ። የገደልኳት መሰለኝ። ፈተናዋን አበላሸሁ፤ እናቴ ትክክል ነበረች። «ይቅር በዪኝ» አልኳት፣ ደጋግሜ።

ቆይታ፣ «ዘቢ» አለች። «እኔም አልነገርኩሽም።»

«ምኑን?»

«ያንቀጠቅጠኛል። ከዚያ ያልበኛል። አሥር ቀን አለፈው። ምግብ አይወርድልኝም። ዛሬ ደረጃ ላይ ወደቅኩ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄድሽ?»

«ፈተናው ሲያልቅ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ደግሞ እናንተ ሁላችሁም ደህና ናችሁ፤ እኔ ብቻ...»

«አሁን ሂጂ» አልኳት። ድምፄ ከማድ ቤቱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተሰማ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። «አሁን፣ እየሰማሁሽ። ያቺ የንፋስ መውጫዋ ልጅ አለች?»

«አለች።»

«ንገሪያት። ስልኩን አትዝጊው።»

የአልጋ መንቋቋት ሰማሁ። የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የእናኑ ድምፅ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፦ «አሞኛል። ብቻዬን መሄድ አልችልም።» ሌላዋ ልጅ፣ «ምነው እስካሁን?» ስትል፣ እቃ ሲወድቅ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ።

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ ስትገባ ስልኩ ጭኔ ላይ ነበር። ፊቴን አይታ አወቀች።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

እጇ ወደ ላይ ሲሄድ ልትመታኝ መሰለኝ፤ ራሷን ነው የያዘችው። «ፈተናዋስ?»

«ታማለች። አሥር ቀን ሆኗታል። ለእኛ አልተናገረችም።»

እናቴ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። የቆላ በሽታ ወንድሟን ወስዶባታል፤ ስሙን አታነሳም፤ የዚያን ቀንም አላነሳችም። ሁለታችንም ስልኩን እያየን ተቀመጥን። ምሳ አልቀረበም። አንድ ጊዜ፣ «ባትነግሪያትስ ኖሮ?» አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም።

ስልኩ የጠራው ከብቶች ሲገቡ ነው። እናኑ ናት፤ ድምጿ ሰልሏል። ክሊኒክ አልጋ ይዛለች፤ ደም ወስደው ወባ ነው ብለዋታል፤ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። እናቴ ስልክ ስታነሳ ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ እያለች እስኪበቃት ትጠይቃለች፤ መልሱን አትጠብቅም። አሁን አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችና፣

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

ከዚያ ዝም ብላ አዳመጠች።